ይህ መስመር የግንቦት ነው የመስከረም?

(ባሕር ዳር ላይ በአንድ ምሽት ከተደረገ ንግግር የተጻፈ)

እንደምን አመሻችሁ?

የጠሩኝ ሰዎች «አካታች የከተማ መልክዓ ምድር» በሚል ርእስ እንድናገር ነው የጠየቁኝ። እሺ ብያለሁ። ግን «አካታች» የምትለዋን ቃል ከዚህ በኋላ ብዙም አትሰሟትም። በየስብሰባው ስለደጋገምናት ጆሮ ላይ ማረፍ ትታለች። እኔ የማወራችሁ ስለ ውኃው ዳር ነው። ማን እዚያ ይደርሳል፣ ደርሶስ ምን ያደርጋል የሚለው በዚያው ይመጣል።

በራሴ ጥፋት ልጀምር። ገና ትምህርቴን እንደጨረስኩ ፕላን በሚሠራ አንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ ነበር። ከመጀመሪያ ሥራዎቼ አንዱ የከተማችንን የሐይቅ ዳርቻ ካርታ ላይ ማስፈር ነበር። ሰማያዊ መስመር አሰመርኩ። ከመስመሩ ወዲህ ቤት ያላረፈበትን ሁሉ አረንጓዴ ቀባሁና «ክፍት ቦታ» ብዬ ጻፍኩበት። ካርታው ያምር ነበር፤ አለቆቼም ወደዱት። ከዚያ «ለነዋሪው ይታይ» ተባለና ወረቀቱን ጠቅልዬ ወደ ውኃው ወረድኩ። አንድ ሽማግሌ ታንኳ እያሰሩ አገኘሁ። ካርታውን መሬት ላይ ዘርግቼ አራቱን ጥግ በድንጋይ ያዝኩላቸው። ዝም ብለው ሲያዩት ቆዩ። ከዚያ ጣታቸውን በሰማያዊው መስመር ላይ እየጎተቱ፦

«ልጄ፣ ይሄ መስመር የግንቦት ነው የመስከረም?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። መስመሩን ከየት እንዳመጣሁት አውቃለሁ፤ ከፎቶግራፍ ነው የገለበጥኩት። ፎቶግራፉ በየትኛው ወር እንደተነሣ ግን ጠይቄ አላውቅም።

«አባባ፣ አንቱ ሲያዩት ልዩነቱ ምን ያህል ነው?» አልኳቸው። ገመዳቸውን ጥለው ተነሡ። አንድ የሾላ ጉቶ ጋ ወሰዱኝና «መስከረም ላይ እዚህ ቆመህ ቁርጭምጭሚትህ ይርሳል» አሉ። ከዚያ ቁልቁል እየቆጠርን ሄድን። ግንቦት ላይ ውኃው ከሚቆምበት ስንደርስ ስልሳ ምናምን እርምጃ ሆኖ ነበር። ተመልሰን ካርታው ላይ ስንጎነበስ ደግሞ አረንጓዴውን አሳዩኝ። «ይሄስ ምን ይላል?» አሉ። «ክፍት ቦታ» ብዬ አነበብኩላቸው። ሳቁብኝ። «ክፍት ከሆነ ታዲያ እኔ ምን ላይ ነው የተቀመጥኩት?»

ያን ቀን የገባኝን ነገር ለማስረዳት ስለ ሐይቁ ጥቂት ልበል። ጣና በስፋት የኢትዮጵያ ትልቁ ሐይቅ ነው፤ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል። ጥልቀቱ ግን እጅግ በሚጠልቅበት እንኳ ወደ 15 ሜትር ቢደርስ ነው። ስለዚህ ጣናን እንደ ጉድጓድ አታስቡት፤ ምጣድ ነው። ምጣድ ላይ ሊጥ ስትጨምሩ ወደ ላይ አይወጣም፣ ወደ ዳር ነው የሚሄደው። ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ክረምቱን ሙሉ ያፈስሱበታል፣ ሐይቁም በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ከፍና ዝቅ ይላል። ፎገራና ደምቢያ ሜዳ ላይ ይህ አንድ ሜትር ተኩል ወደ ጎን ሲዘረጋ ሰፊ መሬት ነው፤ ገበሬው ውኃው እየሸሸ ሲሄድ እየተከተለ ይዘራበታል፣ ስሙንም «ባሕር ሸሽ» ይለዋል። ልብ በሉ፣ እዚህ አገር ሰው «ሐይቅ» አይልም፣ «ባሕር» ነው የሚለው። «ሐይቅ» የትምህርት ቤት ቃል ነው።

ጉዳዩ ደግሞ የዝናብ ብቻ አይደለም። በ1988 ዓ.ም የአባይ መውጫ ላይ የጨረጨራ መቆጣጠሪያ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ባሕሩ መቼ እንደሚሸሽና መቼ እንደሚመለስ በከፊል የሚወስነው በር የሚከፍተውና የሚዘጋው ሰው ነው። በ1995 ዓ.ም ክረምት መግቢያ ላይ ሐይቁ ክፉኛ ጎድሎ ትልልቆቹ ጀልባዎች ሥራ እስከማቆም ደርሰው እንደነበር እዚህ ካላችሁት መካከል የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። ዝናቡም አንሶ ነበር፣ ለመብራት ኃይል የተለቀቀውም ውኃ በዝቶ ነበር። ያኔ ታንኳ የሚሠራበት የደንገል ሣር ሥሩ ደርቆ፣ ባዶ የቀረውን መሬት ማረሻ ገባበት።

እንግዲህ ዳሩን መቀነት አድርጋችሁ አስቡት፤ የሚላላና የሚጠብቅ። ሽማግሌው የሚሠሩት፣ የሚያደርቁት፣ የሚያርፉት በዚህ መቀነት ላይ ነው። እኔ ካርታ ላይ ባዶ ያልኩት እሱን ነበር።

ታንኳውን ቀረብ ብለን እንየው፤ ብዙ ነገር ያስተምራል። ደንገሉ ይታጨዳል፣ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል። ከዚያ እስር በእስር ይደረደርና በገመድ ይጠፈራል፤ አፍንጫው እየቀጠነ ሽቅብ ይወጣል። ብረት የለበትም፣ ምስማር የለበትም። የሚንሳፈፈው የደንገሉ ውስጥ አየር ስላለው ነው። ውኃ ውስጥ በቆየ ቁጥር ግን ይጠጣል፣ ይከብዳል፣ በመጨረሻም ይበሰብሳል። ስለዚህ ባለ ታንኳ ሥራውን ሲጨርስ ታንኳውን ጎትቶ ያወጣና ቀጥ አድርጎ አስደግፎ ያደርቀዋል። በደንብ የተያዘም ቢሆን ዕድሜው በወራት ቢቆጠር ነው፤ ከዚያ ሌላ ደንገል። ከባሕረ ገቡ ከዘጌ እንጨት ጭኖ የሚመጣው ታንኳ፣ ለዓሣ የሚወጣው ታንኳ፣ ሁሉም ይህን ይፈልጋል፦ ለስለስ ያለ ተዳፋት፣ ማድረቂያ ሜዳና አጠገቡ የሚታጨድ ደንገል።

አሁን እዚያ ላይ ቀጥ ያለ የድንጋይ ግንብ ሥሩ። ከላይ ያማረ የእግር መንገድ አንጥፉበት፣ አበባ ትከሉ። ማንንም አላባረራችሁም፤ «አይገባም» የሚል ጽሑፍ አልሰቀላችሁም። ታንኳው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አያርፍም። ሽማግሌው በቀስታ ወደሌላ ቦታ ይሄዳሉ፣ ከዚያም ይረሳሉ። ቀረሶም እንዲሁ ነው፤ የሚራባው ጥልቀት በሌለው፣ ሣርና ደንገል ባለበት ጥግ ነው። ግንቡ ሥር ያ ጥግ የለም። ሰውየውና ዓሣው በአንድ ቀን መፈናቀላቸው ነው።

«እኔ ታንኳ የለኝም፣ ምን አገባኝ» የሚል ካለ ደግሞ ቤቱን ላስታውሰው። ለእንቁጣጣሽ፣ ለፋሲካ፣ እንግዳ ሲመጣ፣ ቡና ሲፈላ የሚጎዘጎዘው ቄጤማ ከየት ነው የሚመጣው? ገበያ ላይ በእስር ገዝታችሁት ይሆናል፤ ያቺ የምትሸጠው እናት ግን ከረግረግ ነው ያጨደችው። እናቴ ረከቦቱን የምታስቀምጠው ቄጤማውን ዘርግታ በመዳፏ አንድ ሁለት ጊዜ መታ መታ ካደረገች በኋላ ነበር። ያ ሽታ ቤት ሲገባ የረግረጉ ሽታ ነው የገባው። ሰውና ተፈጥሮ ስለሚገናኙበት መንገድ ብዙ ወረቀት ተጽፏል፤ እኛ አገር ግን ተፈጥሮ በር አንኳኩታ ገብታ ቡና ሥር ነው የምትነጠፈው። ፕላስቲኩ ቄጤማ መጥቷል እንዳትሉኝ ብቻ፤ አይቼዋለሁ፣ አናድዶኛል፣ እንለፈው።

ስለ ዳር ስናወራ ነገደ ወይጦዎችን ሳያነሡ ማለፍ ነውር ነው። ደንገልን በእጃቸው የሚያውቁ፣ ይህን ባሕር ዙሪያውን የኖሩበት እነሱ ናቸው። ድሮ ጉማሬ አዳኞች ነበሩ፤ ያ ቀርቷል። የራሳቸው ቋንቋም ነበራቸው፤ እሱም ጠፍቶ ዛሬ አፋቸው አማርኛ ነው። የቀራቸው ባሕሩና ደንገሉ ነው፦ ታንኳው፣ ቅርጫቱ፣ ዓሣው። ከተማው እየሰፋ በመጣ ቁጥር ደግሞ ከውኃው ዳር ወደ ኋላ እየተገፉ ኖረዋል። ቱሪስት ሲመጣ ታንኳው ፖስት ካርድ ላይ አለ፣ የሆቴል ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ሠሪው ግን ደንገል ለማጨድ ከሰፈሩ ተነሥቶ ከተማውን አቋርጦ ነው የሚሄደው። እኔ በዚህ ነገር ላይ ለዘብ ማለት አልችልም። ስለ ዳርቻው ፕላን ሲወጣ አንደኛ የሚጠየቁት እነሱ መሆን ነበረባቸው። የሚጠየቁት ግን፣ ያውም ከተጠየቁ፣ ካሳ ሲሰላ ነው።

የከተማችን ስም ራሱ የሚገርም ነው። ባሕር ዳር። ስንት ከተማ «አዲስ» ተብሏል፣ ስንቱ በንጉሥ ስም ተሰይሟል፤ የኛ ስም ግን አድራሻ ነው፤ የት እንዳለን ነው የሚናገረው። ከተማው ከመስፋቱ በፊት እዚህ የነበረው ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያንና በዙሪያው የሰፈረ ትንሽ መንደር ነበር። በ1950ዎቹ የጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ መጣ፣ ፖሊ ቴክኒኩ መጣ፣ ጀርመኖች ማስተር ፕላን ሠሩ። ሰፋፊዎቹ ባለ ዘምባባ መንገዶች የዚያ ዘመን ልጆች ናቸው። በ2002 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ደግሞ ዩኔስኮ የሰላም ከተሞች ሽልማት ሰጠን። ይህን ሁሉ ይዘን «ዳር» የምትለው ቃል ግን ሁለት ትርጉም እንዳላት ረሳን። ዳር የውኃ ጠርዝ ነው። ዳር ደግሞ መሐል ያልገባ ሰው የሚቆምባት ቦታ ናት። እኛ ከተማ ላይ ሁለቱ ቦታ ተለዋውጠዋል፦ የውኃው ጠርዝ መሐል ሆነ፣ ተወደደ፤ ዓሣ አጥማጁ፣ ልብስ አጣቢዋ፣ ቄጤማ ሻጯ ወደ ዳር ወጡ።

እንዴት እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከዋናው መንገድ እስከ ውኃው ብዙ ቦታ የደቂቃዎች መንገድ ነው፤ መሐሉ ላይ ግን አጥር አለ። የሆቴል፣ የመዝናኛ፣ የመሥሪያ ቤት። አጥር በሌለበት ደግሞ ወንበር አለ፣ ወንበሩ ላይ ከተቀመጣችሁ አስተናጋጅ ይመጣል። «ምን ልታዘዝ?» ባሕሩን ለማየት ማኪያቶ መግዛት አለባችሁ ማለት ነው። ማኪያቶውን አልጠላም። አንድ ጡረተኛ ጎረቤቴ ግን ምን አሉኝ መሰላችሁ? «ድሮ ሳዝን ባሕሩ ጋ ሄጄ እቀመጥ ነበር። አሁን ለማዘንም ይከፈላል።»

ሰሞኑን በኮሪደር ልማቱ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ሲነጠፍ አይተናል። እኔ በጭፍን ከሚቃወሙት አይደለሁም። የብስክሌት ከተማ ነን እያልን ብስክሌተኛውን ለባጃጅ ጥለነው ነበር፤ መንገድ ማግኘቱ ደግ ነው። ምሽት ላይ መብራት ያለበት መንገድ ሴቶች ሳይሳቀቁ የሚሄዱበት መንገድ ነው፤ ይህን ቀላል ነገር አድርጎ የሚያየው ወንድ ብቻ ነው። ሁለት ነገር ግን ይቆረቁረኛል።

አንዱ ጥላ ነው። ዘምባባ ቆንጆ ዛፍ ነው፣ የባሕር ዳር መልክ ነው፤ ሚያዝያ ቀትር ላይ ግን የሚጥለው ጥላ አንድ ቀጭን ሰው ቢያስጠልል ነው፣ እሱም ከፀሐይዋ ጋር እየዞረ። ሽማግሌ ለዕርቅ የሚቀመጠው ዋርካ ሥር ነው፣ ተማሪ የሚያጠናው ሾላ ሥር፣ ሊስትሮው ሳጥኑን የሚዘረጋው ዋንዛ ሥር። እነዚህ ዛፎች ቅጠል ያራግፋሉ፣ ፍሬ ይጥላሉ፣ ወፍ ይሰበስባሉ፤ ለጠራጊ አስቸጋሪ ናቸው። ለዚህ ይመስለኛል የማንተክላቸው። ዋርካ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። የሚተክለው ሹም ሥሩ አይቀመጥም። አንድ ቦታ ትልቅ ዛፍ ሥር ድሮ ሰው የሚቀመጥበት ሥር ሥሩ ነበር፤ ያበጠ ሥር፣ በመቀመጥ ብዛት የለሰለሰ። አሁን ዙሪያው ሣር ተተክሎ «ሣሩን አትርገጡ» ይላል። ሰዎቹ አሁንም ይመጣሉ፤ መንገዱ ጠርዝ ላይ ተደርድረው ይቀመጡና ከሣሩ ማዶ ያለውን ጥላ ያያሉ።

ሁለተኛው፣ መንገዱ ውኃውን የሚያሳይ እንጂ የሚያደርስ አለመሆኑ ነው። ማየትና መድረስ ለየቅል ናቸው። ልጅ ድንጋይ መወርወር ይፈልጋል። ሃይማኖተኛው ጠበል ብሎ፣ ሙስሊሙ ለሶላት ሊታጠብ፣ እጁን የሚያስገባበት ቦታ ይፈልጋል። ጥምቀት ላይ ታቦት ወደ ባሕሩ ሲወርድ ማንም «ከዚህ በላይ አትጠጉ» አይልም፤ ከተማው በሙሉ ውኃ ይነካል። ከዓመቱ አንድ ቀን መሆኑ ነው እንጂ።

የቤተ ክርስቲያን ቅጥርን ሳላነሣ ብቀር ትወቅሱኛላችሁ። እውነት ነው፣ በዚህ አካባቢ አሮጌ አገር በቀል ዛፍ ማየት የፈለገ ወደ ቅጥር ነው የሚሄደው። ዘጌ ደግሞ የሁሉም አለቃ ናት። አባ በትረ ማርያም ቡናውን፣ ጌሾውንና ሎሚውን ባርከው፣ በሬ ጠምዶ ማረስን እንደከለከሉ ይነገራል፤ ጫካው እስካሁን የቆመው በዚያ ቃል ነው ይላሉ ዘጌዎች። ለእኔ ትልቁ ትምህርት ክልከላው ከመተዳደሪያ ጋር መሰጠቱ ነው፤ በሬ አትጥመዱ አሉ፣ ግን ቡናና ጌሾ ሰጧቸው። እኛ ዳርቻውን ስንከልል የምንከለክለውን እንጽፋለን እንጂ የምንሰጠውን አንጽፍም። ጣና በ2007 ዓ.ም በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆኖ ሲመዘገብም ሐሳቡ ከዘጌው ብዙ አይርቅም፦ ሰዉ ከነኑሮው ውስጥ ነው፣ ከአጥር ውጭ አይደለም። ቅጥሩ ግን፣ እውነቱን እንነጋገር፣ ለሁሉም አይሆንም። ሙስሊም ጎረቤቴ በእሑድ ከሰዓት ልጆቿን ይዛ ጥላ ፍለጋ የምትሄድበት አይደለም። ስለዚህ የማንም ያልሆነ፣ የሁሉም የሆነ ጥላ ከተማው ራሱ ማቆም አለበት።

ሕጉስ ምን ይላል? ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢ ውስጥ መኖርን መብት ያደርገዋል፤ አንቀጽ 92 ደግሞ ሰዎች በቀጥታ በሚነካቸው የአካባቢ ሥራ ላይ ሐሳባቸው እንዲጠየቅ ይላል። በ2001 ዓ.ም የወጣው የሕንፃ አዋጅ፣ ቁጥር 624/2001፣ በአንቀጽ 36 ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድና ደረጃ መውጣት ለሚቸግረው ሰው መግቢያ እንዲኖረው አዝዟል። ጥሩ ነው። አዋጁ ግን የሚያወራው ስለ ሕንፃ ነው፤ ባሕሩ ሕንፃ አይደለም። ባንክ ለመግባት መወጣጫ አለህ፤ ባሕሩ ጋ ለመድረስ የለህም።

ይህን የምለው አንድ ወዳጄን አስቤ ነው። የተወለደው እዚሁ ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ እግሮቹ አይሠሩም፣ በተሽከርካሪ ወንበር ነው የሚሄደው። ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ ሻይ ይዘን ስናወራ እንደ ዋዛ «ውኃውን በእጄ ከነካሁ ሃያ ዓመት ሆነኝ» አለኝ። ቤቱ ከባሕሩ ይህን ያህል አይርቅም። ደነገጥኩ። በነጋታው ተነሥተን ሄድን።

አንደኛው ቦታ መግቢያው ላይ አራት ደረጃ ነበረው፤ ጥበቃው ትሑት ሰው ነው፣ «ተሸክመን እናስገባው» አለ። ወዳጄ «ዕቃ አይደለሁም» ብሎ አዞረ። ሁለተኛው አዲሱ ንጣፍ ነው። ሲያምር! ወንበሩ እንደ ቅቤ ተንሸራተተ። ለዓይነ ስውራን የሚነጠፈው ጎድጎድ ያለው ቢጫ መስመርም አለበት፤ ብቻ አንድ ቦታ ላይ ቀጥ ብሎ ሄዶ ከመብራት ምሰሶ ጋር ይላተማል። በመጨረሻ ግንቡ ጋ ደረስን። ውኃው ከእግሩ በታች አንድ ሜትር ተኩል ላይ ነው። አየነው።

ሦስተኛው ዓሣ አጥማጆች ጀልባና ታንኳ የሚጎትቱበት ቦታ ነው። ማንም ፕላን አላወጣለትም። ጭቃው በየቀኑ ሲጎተትበት ተደልድሎ ጠንክሯል፤ ከመንገዱ እስከ ውኃው ተዳፋት ነው። ልማድ አይለቅምና በእርምጃ ለካሁት፦ ከሃያ ሜትር ትንሽ ያልፋል። ለተሽከርካሪ ወንበር የሚመከረው መወጣጫ አንድ ሜትር ከፍታ በ12 ሜትር ርዝመት ነው። ለአንድ ሜትር ተኩል 18 ሜትር ይበቃል። ታንኳ ጎታቾቹ መለኪያ ሳይዙ፣ ለራሳቸው ወገብ ብለው፣ ከመለኪያው የተሻለ ሠርተዋል። ለታንኳ የሚመች ዳር ለወንበሩም ይመቻል፤ እኔ ይህን ለማወቅ ስንት ዓመት ፈጀብኝ።

ወረድን። ሁለት ወጣቶች ሳንጠራቸው ከኋላ ያዙልን። አጠገባችን አምባዛ እየተበለተ ነው፤ ሆድ ዕቃው ሲወረወር ፔሊካኖቹ ይሻማሉ። ወዳጄ ጎንበስ ብሎ እጁን እስከ ክንዱ አስገባ። ቆየ። ምን ሊል ነው ብዬ ስጠብቅ፦

«ይሸታል እኮ!» አለ፣ እየሳቀ።

ከወጣቶቹ አንዱ ትንሽ የተቆጣ መሰለኝ። «ጋሼ፣ ግንቦት ላይ መጥተው ነዋ!» አለው። በአገጩ ወደ ላይ፣ መንገዱ አጠገብ ወዳለ ድንጋይ አመለከተ። «መስከረም ላይ ቢመጡ ይህን ሁሉ አይወርዱም። ባሕሩ ራሱ እዚያ ድረስ ይመጣል።»

ለመስከረም ቀጠሮ ይዘናል። አመሰግናለሁ።